የሰረዝነው ምስል የት ይቀራል?

ፎቶግራፎች የተቀመጡበትን ፎልደር ስንከፍት ኮምፒውተሩ የፋይሎቹን ስም ብቻ ደርድሮ አያቀርብልንም። ከእያንዳንዱ ስም በላይ የምስሉን ትንሽ ቅጂ ጭምር ያሳየናል። ይህን ትንሽ ቅጂ በዚህ ጽሑፍ «ድንክዬ» ብለን እንጠራዋለን። ድንክዬው የቱ ፎቶግራፍ የቱ እንደሆነ ሳንከፍተው በዓይናችን እንድንለይ ስለሚረዳን ጥቅሙ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ እንዲሠራልን ያዘዝነው ነገር አይደለም፤ ከተሠራ በኋላም የት እንደተቀመጠ የሚነግረን የለም። ብዙዎቻችን ዋናውን ፎቶግራፍ ስንሰርዝ ድንክዬውም አብሮ የሚጠፋ ይመስለናል። ይህ ግምት ግን ብዙ ጊዜ ከእውነታው ጋር አይገጥምም።

በዚህ ጽሑፍ ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ ድንክዬዎች እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚቀመጡ እናብራራለን። ዓላማችን ግን ማብራራት ብቻ አይደለም። የድንክዬዎች አቀማመጥ በብዙ ብልኀት የተቀየሰ ቢሆንም፣ መሠረቱ «አንድ የተጠቃሚ መለያ የአንድ ሰው ብቻ ነው» የሚል እሳቤ ነው። አንድ ኮምፒውተር በአንድ የጋራ መለያ ብዙ ተማሪዎችን በሚያገለግልበት ክፍል ይህ እሳቤ ይፈርሳል። ስለሆነም የጋራ ኮምፒውተር የሚያስተዳድሩም ሆኑ የሚጠቀሙ ሰዎች የድንክዬዎችን ማከማቻ እንደ ተራ የቴክኒክ ጓዳ ሳይሆን እንደ ግል ሰነድ ሊቆጥሩት ይገባል ብለን እናምናለን።

ድንክዬ ለምን ይቀመጣል?

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ድንክዬው በተፈለገ ጊዜ ሁሉ እንደ አዲስ ቢሠራና ከታየ በኋላ ቢጣል ምን ችግር አለው? መልሱን ለማግኘት ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል።

ወርዱ 4,000፣ ቁመቱ 3,000 ፒክስል የሆነ ፎቶግራፍ 12 ሚሊዮን ፒክስሎች አሉት። ለእያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ሲመደብ ምስሉ በጠቅላላው 36 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ፋይሉ በዲስክ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሚይዘው ጄፔግ የተባለው የማመቂያ ዘዴ ስለጨመቀው ነው። ምስሉን ለማየት ግን የታመቀው መፈታት አለበት። ከዚህ ሁሉ 128 በ96 ፒክስል የሆነ ድንክዬ ሲወጣ የሚቀሩት 12,288 ፒክስሎች ናቸው። ይህም ማለት በአማካይ 976 ያህል ፒክስሎች ተጨፍልቀው አንድ ፒክስል ይሆናሉ ማለት ነው። 200 ፎቶግራፎች ያሉበትን ፎልደር በከፈትን ቁጥር ኮምፒውተሩ 7.2 ቢሊዮን ባይት ፈትቶ አብዛኛውን መጣል ይኖርበታል። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይህ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አንባቢ ሊገምት ይችላል።

የፕሮግራም አዘጋጆች ይህን ድካም ለመቀነስ አቋራጮችን አልነፈጉንም። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል። ለእያንዳንዱ ካሬ 64 ቁጥሮች ይሰላሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያው የካሬውን አማካይ መጠን ሲይዝ፣ የቀሩት 63ቱ በካሬው ውስጥ ያለውን ዝርዝር ለውጥ ይገልጻሉ። ድንክዬ ለመሥራት ዝርዝሩ አያስፈልግም። የአንድን ክፍል ተማሪዎች ውጤት በሙሉ ከመዘርዘር ይልቅ የክፍሉን አማካይ ውጤት ብቻ መናገር እንደሚበቃበት ጊዜ ሁሉ፣ እዚህም የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ መውሰድ ይቻላል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ፒክስል ይሆንና 4,000 በ3,000 የነበረው ምስል በቀጥታ 500 በ375 ሆኖ ይወጣል። ሊብጄፔግ የተባለው የታወቀ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ይህን አሠራር ይደግፋል። የቀሩትን ቁጥሮች ከፋይሉ ማንበብ ባይቀርም ከባዱ ስሌት ይቀራል።

አቋራጭ ይኑር እንጂ፣ ፋይሉን ከዲስክ ማንበብና መፍታት ዞሮ ዞሮ ጊዜ ይወስዳል። የተሻለው መፍትሔ አንድ ጊዜ የተሠራውን ድንክዬ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ እርሱኑ ማሳየት ነው። የጉዳያችን መነሻም እዚህ ላይ ነው፤ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ቦታ፣ ስምና ጠባቂ ይፈልጋልና።

ከተናጠል ልማድ ወደ ጋራ ስምምነት

በ1990ዎቹ በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ በስፋት ያገለግል የነበረው ኤክስቪ የተባለ የምስል ማሳያ ፕሮግራም ድንክዬዎቹን የሚያስቀምጠው ፎቶግራፎቹ ባሉበት ፎልደር ውስጥ የተሰወረ ንዑስ ፎልደር እየፈጠረ ነበር። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስም እስከ ኤክስፒ ድረስ በየፎልደሩ የተሰወረ የድንክዬ ፋይል ይፈጥር ነበር፤ በቪስታ ግን ወደ አንድ ማዕከላዊ ማከማቻ ተዛውሯል።

በየፎልደሩ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሦስት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ ፎቶግራፎቹ ሊጻፍበት በማይችል ሲዲ ላይ ካሉ ድንክዬውን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ስለዚህ በየጊዜው እንደገና መሥራት ግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፎልደሩን ለሌላ ሰው ስንቀዳ የተሰወሩት ድንክዬዎችም ሳናውቅ አብረው ይሄዳሉ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ዓይነት ድንክዬ ስለሚሠራ አንዱ የደከመበት ለሌላው አይጠቅምም።

በሊኑክስ ዓለም ለዚህ መፍትሔ የተገኘው በስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ፍሪዴስክቶፕ የተባለ የትብብር መድረክ፣ እንደ ጂኖምና ኬዲኢ ያሉ የተለያዩ የገበታ ስርዓቶች በጋራ የሚከተሏቸውን መስፈርቶች ያወጣል። ከእነዚህም አንዱ የድንክዬዎችን አያያዝ የሚወስነው መስፈርት ነው። በመስፈርቱ መሠረት ድንክዬዎች ሁሉ የሚቀመጡት በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ በሚገኝ አንድ ማከማቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በተደረገው ማሻሻያ ማከማቻው ፕሮግራሞች ጊዜያዊ ዕቃቸውን ወደሚያኖሩበት፣ ስሙ በነጥብ ወደሚጀምረው «ካሽ» የተባለ የተሰወረ ፎልደር ተዛውሯል። ዋናው ምስል ምንም ዓይነት ይሁን፣ ድንክዬው ሁልጊዜ በፒኤንጂ ቅርጽ ይጻፋል። መጠኑም በደረጃ ተወስኗል፤ ረጅሙ ጎን ከ128፣ ከ256፣ ከ512 ወይም ከ1,024 ፒክስል እንዳይበልጥ ሆኖ ለየመጠኑ የተለየ ፎልደር ተመድቧል። በዚህም ምክንያት ናውቲለስ በተባለው የፋይል አስተዳዳሪ የተሠራውን ድንክዬ ሌላ የምስል ማሳያ ፕሮግራም ሳይደክም ይጠቀምበታል።

መስፈርቱ አለመሳካትንም ይመዘግባል። አንድ ፋይል ተበላሽቶ ድንክዬ ሊሠራለት ካልቻለ፣ ያልቻለው ፕሮግራም ይህንኑ የሚያመለክት ባዶ ምልክት በተለየ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። በመሆኑም ያው ፕሮግራም ፎልደሩ በተከፈተ ቁጥር በዚያው ብልሹ ፋይል ላይ በከንቱ አይደክምም።

የውጪው ስምና የውስጡ ጽሑፍ

በአንድ ማከማቻ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ድንክዬዎች ሲሰበሰቡ የስም ጥያቄ ይነሳል። «ፎቶ1» የተባለ ፋይል በአምስት ፎልደሮች ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል የፋይሉ ስም ብቻ አይበቃም። መስፈርቱ የሚጠቀመው የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ነው። ይህ አድራሻ ኤምዲ5 በተባለ ስልት ይሰላና 128 ቢት ርዝመት ያለው ዲጂታል አሻራ ይወጣዋል። አሻራው በ32 ፊደላትና አሃዞች ተጽፎ የድንክዬው ስም ይሆናል። አንድ አድራሻ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አሻራ ስለሚሰጥ፣ ማንኛውም ፕሮግራም አድራሻውን ይዞ ድንክዬው ይኖር እንደሆነ ፎልደሩን ሳያስስ ማወቅ ይችላል። ኤምዲ5 ለምስጢር ጥበቃ ሥራ እንደማይታመን እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በተደረገ ጥናት ታይቷል። እዚህ ያለው ሥራ ግን ስም ማውጣት እንጂ ምስጢር መጠበቅ አይደለም።

በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በዚህ ስሌት ውስጥ ምን ይሆናሉ? የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ ስምንት ቢት አጻጻፍ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። በአድራሻ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ምልክቶች ስለሚወከል አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክቶች ይሆናል። ስለዚህ «ፎቶ» የሚለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል በአድራሻው ውስጥ 18 ምልክቶችን ይወስዳል። አሻራው የሚሰላው ከእነዚህ ምልክቶች በመሆኑ፣ አንዱ ፕሮግራም በትልልቅ፣ ሌላው በትንንሽ የላቲን ፊደላት ቢጽፋቸው አሻራው ፈጽሞ ይለያያል፤ አንዱ የሠራውንም ሌላው አያገኘውም። ከዚህ እንደምንረዳው የጋራ መስፈርት እስከ ፊደል መጠን ድረስ ካልተከበረ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ዋናው ፎቶግራፍ ቢለወጥስ? ለዚህም መስፈርቱ መልስ አለው። በድንክዬው ውስጥ፣ ከምስሉ ጎን፣ የዋናው ፋይል ሙሉ አድራሻና ፋይሉ መጨረሻ የተሻሻለበት ጊዜ በጽሑፍ ይሰፍራሉ። ድንክዬው ከመታየቱ በፊት ይህ ጊዜ ከዋናው ፋይል ጊዜ ጋር ይመሳከራል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ድንክዬው እንደገና ይሠራል። ማመሳከሪያው «ዋናው አዲስ ነውን?» ሳይሆን «ሁለቱ እኩል ናቸውን?» የሚል መሆኑን ልብ ይሏል። ምክንያቱም አንድ ሰው አዲሱን ፎቶግራፍ አንሥቶ በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው የቆየ ፎቶግራፍ ሊተካ ይችላል።

እንግዲህ አንድ እንግዳ ነገር እናስተውላለን። የድንክዬው የውጪ ስም ማንም አንብቦ የማይረዳው የፊደላትና የአሃዞች ድርድር ነው፤ ውስጡ ግን የዋናውን ፋይል ስም፣ የነበረበትን ፎልደርና የተሻሻለበትን ጊዜ በግልጽ ይናገራል። ዋናው ከጠፋ በኋላም እንዲሁ ነው።

እሳቤው የሚፈርስበት ቦታ

የመስፈርቱ አዘጋጆች ስለ ግላዊነት አላሰቡም ማለት አይደለም። የድንክዬ ፎልደሮች ባለቤቱ ብቻ ሊከፍታቸው፣ ፋይሎቹንም ባለቤቱ ብቻ ሊያነባቸው እንደሚገባ በግልጽ ደንግገዋል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰዎች የየራሳቸው መለያ ካላቸው አንዱ የሌላውን ድንክዬ ማየት አይችልም። ጥበቃው የሚሠራው ግን መለያው የአንድ ሰው እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

በብዙ የኮምፒውተር ክፍሎች ሁኔታው ከዚህ የተለየ ነው። ሠላሳም ሆኑ ሦስት መቶ ተማሪዎች ሁሉም «ተማሪ» በሚል አንድ መለያና አንድ የይለፍ ቃል ይገባሉ። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ናቸው። «ባለቤቱ ብቻ ይየው» የሚለው ደንብ በዚህ ቦታ «ሁሉም ይየው» ማለት ይሆናል።

አንዲት ተማሪ የመታወቂያዋንና የትምህርት ማስረጃዋን ቅጂ በፍላሽ ይዛ መጥታ በጋራ ኮምፒውተር ላይ ትከፍታለች እንበል። ፎልደሩን ስትከፍት ድንክዬዎቹ ይሠራሉ። ሥራዋን ጨርሳ ፍላሹን ነቅላ ትሄዳለች። አንዳች ነገር ወደ ኮምፒውተሩ አልቀዳችም፤ ስለዚህ የምትሰርዘው ነገር ያለ አይመስላትም። ድንክዬዎቹ ግን በተጠቃሚው ማከማቻ ውስጥ ቀርተዋል። ፋይሎቹን ቀድታ በኋላ ብትሰርዝም ውጤቱ ብዙም ላይለይ ይችላል። በትእዛዝ መስመር የሚሰርዘው ፕሮግራም ስለ ድንክዬ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በመስኮት ከሚሠሩት ፕሮግራሞችም ሁሉም ድንክዬውን ፈልገው አያጠፉም። ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ማዛወር ደግሞ ነገሩን ያባዛዋል። አድራሻው ሲለወጥ አሻራው ስለሚለወጥ አዲስ ድንክዬ ይሠራል፤ አሮጌው ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል።

ለምን ያህል ጊዜ? ጂኖም በተባለው የገበታ ስርዓት ያለ ማስተካከያ የሚሠራው ደንብ ከ180 ቀን በላይ የቆዩትን ያጠፋል፤ የማከማቻውንም ጠቅላላ መጠን በ512 ሜጋባይት ይወስናል። 180 ቀን ከአንድ ሴሚስተር ይረዝማል። 256 በ192 ፒክስል የሆነ ድንክዬ ከመታመቁ በፊት 147,456 ባይት ስለሆነ፣ 512 ሜጋባይት ከ3,000 በላይ እንዲህ ያሉ ድንክዬዎችን ያለ ምንም ማመቅ ይይዛል። ይህም የአንድ ክፍል ተማሪዎችን የብዙ ሳምንታት ምስሎች ለመሰብሰብ የሚበቃ አልበም ነው።

የሚነሱ መከራከሪያዎች

አንዳንዶች «ድንክዬ ትንሽ ነው፤ ከእርሱ ምን ይታወቃል?» ይሉ ይሆናል። በ128 ፒክስል ላይ ይህ ክርክር ጥቂት እውነት አለው። በ256 ፒክስል ግን የሰው ፊት ይለያል። በ1,024 ፒክስል ደግሞ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ለአንድ ኢንች 87 ያህል ፒክስል ያገኛል። ይህ ጽሑፍ በስክሪን ላይ ከምናነብበት የቆየ ጥራት ጋር የሚቀራረብ ነው። የስክሪኖች ጥራት እየጨመረ በሄደ ቁጥር ትልልቆቹ ድንክዬዎች ይበልጥ ያገለግላሉ፤ «ትንሽ ነው» የሚለው መጽናኛም በዚያው መጠን ይሳሳል።

ሌሎች ደግሞ «የተሰረዘ ፋይል በልዩ ፕሮግራም ሊመለስ ስለሚችል ድንክዬው የተለየ አደጋ አይጨምርም» ሊሉ ይችላሉ። በሁለቱ መካከል ግን ሰፊ ልዩነት አለ። የተሰረዘን ፋይል ለመመለስ ልዩ መሣሪያ፣ ዕውቀትና ዕድል ያስፈልጋል። ድንክዬውን ለማየት የሚያስፈልገው አንድ ፎልደር መክፈት ብቻ ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ «እንግዲያው ድንክዬን ጨርሶ ማጥፋት ነው» የሚል ነው። ይህንም አንደግፍም። ከላይ ያየነው ስሌት እንደሚያሳየው ማከማቻው የሚጠቅመው ይበልጡን አቅመ ደካማ ለሆኑ ኮምፒውተሮች ነው፤ ብዙ ሰው የሚጋራቸውም ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው። ችግሩ ድንክዬ መኖሩ አይደለም፤ የአንዱ ተጠቃሚ ድንክዬ ለሚቀጥለው መተላለፉ ነው።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያውና የተሻለው እርምጃ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መለያ መስጠት ነው። ሊኑክስ ከመነሻው ለብዙ ተጠቃሚዎች የተሠራ ስርዓት በመሆኑ ለዚህ ተጨማሪ ወጪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የአስተዳዳሪው ጊዜ ነው። ይህ ሲሆን ጥበቃው በመስፈርቱ እንደታሰበው ይሠራል።

ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ተጠቃሚው ሲወጣ የድንክዬ ማከማቻው በራሱ እንዲጸዳ ማድረግ ይገባል። ጥቂት መስመር ያለው የትእዛዝ ጽሑፍ ይህን ይፈጽማል። ማከማቻውን ከዲስክ ይልቅ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ ማኖርም ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ ቀኑን ሙሉ የሚውል ከሆነ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ማከማቻው ቢጸዳ የሚጠፋ ሥራ የለም፤ ድንክዬ ሁልጊዜ ከዋናው ምስል እንደገና ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛው እርምጃ የተጠቃሚዎች ነው። በናውቲለስ ውስጥ ኮንትሮልና ኤች የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት መጫን የተሰወሩ ፎልደሮችን ያሳያል። በግል ፎልደር ውስጥ ያለውን የካሽ ፎልደር ከፍቶ የድንክዬዎቹን ንዑስ ፎልደር መሰረዝ የማንም ተማሪ ዕውቀት የሚፈቅደው ሥራ ነው። በፋይል አስተዳዳሪው ማስተካከያ ውስጥም ድንክዬ ፈጽሞ እንዳይሠራ መወሰን ይቻላል፤ ምስጢራዊ ሰነድ ከመክፈት በፊት ይህን ማድረግ ጥንቃቄ ነው።

ለፕሮግራም ሥራ የሚዘጋጁ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችም ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንዲወስዱ እንፈልጋለን። የድንክዬው መስፈርት ፍጥነትን፣ ስምምነትንና የዲስክ ቦታን በሚገባ አስልቷል። ያላሰላው በአንድ መለያ የሚጋሩ ሰዎችን ነው። የዚህ ዓይነቱን ተጠቃሚ ችግር ከሩቅ ሆኖ መገመት ይከብዳል፤ በእንዲህ ያለ ክፍል የሚማር ሰው ግን በየቀኑ ያየዋል። የሊኑክስ ምንጭ ጽሑፍም ሆነ መስፈርቶቹ ለማንም ክፍት ስለሆኑ፣ ማሻሻያ ማቅረብ የሚከለክለን የለም።

ለጊዜው ግን በቅርብ ካለው እንጀምር። በሚቀጥለው የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ አንባብያን በሚጠቀሙበት የጋራ ኮምፒውተር ላይ የድንክዬዎቹን ማከማቻ ከፍተው ስንት ፋይል እንዳለበት ብቻ እንዲቆጥሩና ቁጥሩን ለክፍሉ ኃላፊ እንዲያሳውቁ እንጠይቃለን። የሌላውን ሰው ምስል እየከፈቱ መመልከት ግን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሚቃወመው ተግባር መሆኑን አጥብቀን እናሳስባለን።